ለተቸገረ ገበሬ የሚሰጥ የመንግሥት ርዳታ በጊዜው እንዲደርስ ስለ ማድረግ

(በደባርቅ፥ በዳባትና በስሜን ተራራ ግርጌ ስላሉት ወረዳዎች)

ዝናም ተቋርጦበት ወይም ውርጭ ወርዶበት አዝመራው የጠፋበት ገበሬ የሚበላውን እህል ለመግዛት በመጀመሪያ የሚሸጠው ዶሮውንና በጉን ነው። ቀጥሎ ፍየሉንና ጊደሩን ይሸጣል፤ በመጨረሻም ሌላ መላ ሲያጣ የእርሻ በሬውን ከቀንበር ፈትቶ ወደ ገበያ ይነዳዋል። መንግሥት ለተቸገረ ገበሬ የሚሰጠው ገንዘብ ወይም እህል በሬው ገና በበረት ሳለ ቢደርስ ገበሬውን በእግሩ ያቆመዋል፤ በሬው ከተሸጠ በኋላ ቢደርስ ግን ነፍሱን ለጥቂት ጊዜ ያቆይለታል እንጂ ገበሬነቱን አይመልስለትም።

ይህ ነገር ለሁሉ የታወቀ ይመስላል። ነገር ግን ከክፉው ቀን ዘመን ጀምሮ እስከ ቅርቡ ዓመት ድረስ ደጋግሞ የተዘነጋ ስለ ሆነ፥ አገር የሚገዙና ወረዳ የሚያስተዳድሩ ሹማምንት፥ እንዲሁም ሰፊ መሬትና የተከማቸ እህል በእጃቸው ያለ ሰዎች እንዲያስቡበት ከዚህ ቀጥሎ በየተራው ይነገራል።

ስለ አገሩ ጠባይ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የወገራን ደጋ አቋርጦ ዳባት ይደርሳል፤ ከዚያም ጥቂት ገሥግሦ ደባርቅ ይገባል። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዳባትም ደባርቅም ደጋ ናቸው፤ ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ስትሆን ዛሬ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ከደባርቅ ወዲያ ምድሩ በድንገት ተቈርጦ በሊማሊሞ ገደል በኩል ወደ አዲ አርቃይና ወደ ጠለምት ቈላ ይወርዳል። በስተ ምሥራቅ ደግሞ የስሜን ተራሮች ተደራርበው ይነሣሉ፤ ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛ የሆነውና ከ4,500 ሜትር የሚበልጠው ራስ ደጀን በዚያ ይገኛል። ከተራሮቹ በስተ ጀርባ ጃን አሞራና በየዳ አሉ፤ እነዚህም ወደ ተከዜ ወንዝ ያዘቀዝቃሉ።

እንዲህ ያለው አገር በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ደጋም ወይና ደጋም ቈላም ይገኝበታል። በደጋው ገብስ፥ ባቄላ፥ አተርና ድንች ይበቅላሉ፤ በወይና ደጋው ጤፍና ስንዴ ይዘራሉ፤ በቈላው ማሽላና ጤፍ ይታጨዳሉ። የደጋው ገበሬ የሚፈራው ውርጭንና በረዶን ነው፤ የቈላው ገበሬ የሚፈራው የዝናም መዘግየትንና ቀድሞ መቋረጥን ነው። በአንድ ወረዳ ውስጥ አንዱ ቀበሌ ጠግቦ ሲያድር ሌላው ሊራብ የሚችለውም ስለዚህ ነው። ስለ ወረዳው በጠቅላላው «አዝመራው መካከለኛ ነው» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት፥ በሸለቆው ማዶ ባዶ ጐተራ ይዞ ለተቀመጠው ሰው ሐሰት ይሆንበታል።

የአገሩ መሬት ለብዙ ዘመን ታርሶ አፈሩ በጐርፍ ስለ ተጠረገ፥ ቤተ ሰብም ስለ በዛ፥ የአንዱ ገበሬ ድርሻ ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰዎች በአረምና በአጨዳ ወራት ወደ ሑመራና ወደ መተማ ወርደው በሰሊጥ እርሻ በቀን ሥራ ተቀጥረው የጐደለውን ይሞላሉ። ይህ በር በጦርነት ወይም በሌላ ምክንያት ሲዘጋ፥ መከራው ድርቅ ባልነበረበትም ዓመት እንኳ ይመጣል።

ስለ ክፉው ቀን

በዚህ አገር ሽማግሌዎች «ክፉ ቀን» ሲሉ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የደረሰውን መከራ ማለታቸው ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከምጽዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ደጋው ወጥቶ አገሩን ሁሉ አዳረሰ፤ በኢትዮጵያ ከነበረው ከብት ከ10ሩ 9ኙ እንዳለቀ ይገመታል። በዚያው ላይ ዝናም ቀረ፤ አንበጣና ተምችም ተከተሉ። ለጎንደርና ለስሜን ሰው መከራው እጥፍ ነበረ። በጥር ወር 1880 ዓ.ም. የደርቡሽ ጦር ጎንደር ገብቶ ከተማውን አቃጥሎ ነበርና፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ በመተማ ጦርነት ወድቀው አገሩ ያለ ጠባቂ ቀረ።

በዚያ ዘመን ምድሩ ሳይሞት ገበሬው የሞተበት ምክንያት መታወቅ ይገባዋል። ዝናሙ ከተመለሰ በኋላም መሬቱን የሚያርስ በሬ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥት ምኒልክ ይህን ተመልክተው የመንግሥቱን ጐተራ ለተራበ ከፈቱ፤ ግብርም ማሩ፤ ዶማ እየተሠራ እንዲታደልም አደረጉ፤ መኳንንቱና ሕዝቡ በእጅ መቈፈርን እንዳይንቁ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፈሩ። በዚህ ሥራ ውስጥ ሦስት ትምህርት ይገኛል። እህል መስጠት፥ ግብር መማርና የእርሻ መሣሪያ መተካት በአንድነት የሄዱ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ብቻውን አይበቃም። ያ የከብት በሽታ ከብዙ ዓመት ክትባትና ድካም በኋላ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ተነግሯል። የበሬ እጦት ግን ከበሽታው ጋራ አልጠፋም፤ ዛሬ በሬውን የሚወስደው ገበያው ነው።

ወሬው የዘገየበት ዘመን

ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን ብዙ ሰው የሞተው በአገሩ ሁሉ እህል ስለ ጠፋ ብቻ አይደለም፤ ወሬው በመንገድ ስለ ዘገየም ነው። በ1958 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ነገር ለሹማምንት ሁሉ ምሳሌ ሊሆን ይገባዋል። በወረ ኢሉ አውራጃ ረኃብ መግባቱን የአውራጃው ፖሊስ ባየ በአንድ ወር ውስጥ፥ በኅዳር ወር፥ ወሬው ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ደረሰ። ከሚኒስቴሩ ተነሥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ እስኪደርስ ግን 302 ቀን እንደ ፈጀ ተመዝግቧል። በመጨረሻም ከበላይ የወጣው ትእዛዝ የሞቱት ሰዎች ስም ተዘርዝሮ ይቅረብ የሚል ነበረ። እህል ተዘርቶ እስኪታጨድ ከሚፈጀው ጊዜ ይልቅ አንድ ደብዳቤ ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ለመድረስ የፈጀው ጊዜ በለጠ።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰው ረኃብ እንዲሁ ተሸሽጎ ቈይቶ፥ ከተገለጠ በኋላ መንግሥቱን እስከ መጣል ደረሰ። የርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የተቋቋመውም በ1966 ዓ.ም. ነው። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅና ጦርነት ተባብረው በሰሜኑ የኢትዮጵያ ክፍል በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ፈጁ። በእነዚህ ሁሉ ዘመናት ምልክቱን ቀድሞ ያየ የአጥቢያ ሹም ሳይኖር አልቀረም፤ ነገር ግን «አገሬ ተራበ ብል እነቀፋለሁ» የሚል ፍርሃት፥ ወይም «ሌላው ይናገር» የሚል ቸልታ አፉን ይዞታል።

እህል ወይስ ገንዘብ

ርዳታ ሲባል ለብዙ ዘመን በሰው ሐሳብ የሚመጣው በመኪና የተጫነ የስንዴ ከረጢት ነበረ። ነገር ግን በረኃብ ጊዜ ሁልጊዜ የሚጠፋው እህሉ አይደለም፤ መግዣው የሚጠፋበት ጊዜ አለ። በአንዱ አውራጃ ድርቅ ሲሆን በጐረቤቱ እህል ሞልቶ ይገኛል፤ ለተራበው ገንዘብ ቢሰጠው ነጋዴው እህሉን ራሱ ይዞለት ይመጣል። ይህን ተመልክቶ የርዳታ ማስተባበሪያው ኮሚሽን ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ጋራ ሆኖ በ1976 ዓ.ም. ገደማ ድርቅ ለጐዳቸው አንዳንድ ወረዳዎች በእህል ፈንታ ገንዘብ መስጠትን ሞክሮ ነበረ።

ነገሩ በሌላም አገር የታወቀ ነው። በህንድ አገር በ1880 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የቀረበውን የረኃብ መርማሪ ጉባኤ ቃል ተከትሎ ለየአውራጃው ሹም የረኃብ ደንብ ተጽፎለት ነበረ። በዚያ ደንብ መሠረት ሹሙ የረኃብን ምልክት እየተከታተለ ይመዘግባል፤ መከራው ሲገባ የመንገድና የኩሬ ሥራ ከፍቶ ለሠራተኛው ደመወዝ ይሰጣል፤ መሥራት ለማይችለው በነጻ ይረዳል፤ የመሬት ግብርም እንዲቈይ ወይም እንዲማር ያሳስባል። ደንቡ ሁልጊዜ በሚገባ አልተፈጸመም፤ ቢሆንም ሹሙ ምን ማድረግ እንዳለበት መከራው ከመምጣቱ በፊት እንዲያውቀው ማድረጉ ታላቅ ነገር ነበረ።

በኢትዮጵያም በ1986 ዓ.ም. የወጣው አደጋን የመከላከልና የመቋቋም መመሪያ፥ መሥራት የሚችል ሰው በሥራው እንዲረዳ አዘዘ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት የተባለው ሥራ ተጀመረ። ከዚያ በፊት መንግሥት በየዓመቱ ድርቅ ሲደርስ ከውጭ አገር ርዳታ ይለምን ነበር፤ ርዳታውም የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከዘገየ በኋላ ነው። በአዲሱ ሥርዓት ግን በየዓመቱ እንደሚቸገሩ የታወቁ ቤተ ሰቦች አስቀድመው ተመዝግበው፥ በታወቀ ወር የታወቀ ገንዘብ ወይም እህል እንዲያገኙ ተወሰነ። በመጀመሪያው ዓመት 5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተመዘገቡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቍጥራቸው ከ7 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

የሥራው ደንብ እንዲህ ነው። ጕልበት ያለው ሰው ለእያንዳንዱ የቤተ ሰቡ አባል በወር 5 ቀን በእርከን፥ በመንገድ፥ በውሃና በደን ሥራ ይሠራል፤ ሥራውም የእርሻው ጊዜ በሚያርፍበት ወራት እንዲሆን ታስቧል። ሽማግሌዎች፥ ሕሙማን፥ አካለ ስንኩላን፥ ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ ሴቶች ሳይሠሩ ይሰጣቸዋል። በመጀመሪያ የአንድ ቀን ሥራ ዋጋ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው፥ ከተረዱት ቤተ ሰቦች ከግማሽ የሚበልጡት ምግብ ለመግዛት ሲሉ ንብረታቸውን ከመሸጥ ድነዋል። ነገር ግን ክፍያው በዘገየበት ስፍራ ጥቅሙ እንዲሁ እንደ ቀነሰ ታውቋል።

የገንዘብ ርዳታ አንድ ድካም አለበት፤ የእህል ዋጋ ሲወጣ ገንዘቡ በእጅ ላይ ይቀልጣል። 5 ነፍስ ያለው ቤተ ሰብ በወር 25 ቀን ሠርቶ በ6 ብር ሂሳብ 150 ብር ይቀበላል። የእህሉ ዋጋ በኪሎ 2 ብር ቢሆን 75 ኪሎ ይገዛበታል፤ ዋጋው 4 ብር ቢደርስ ግን 37 ኪሎ ተኵል ብቻ ነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ በአገሩ ሁሉ በወጣ ጊዜ የቀኑ ዋጋ ወደ 8 ብር፥ ኋላም ወደ 10 ብር ከፍ ተደረገ፤ ቢሆንም ገበያው ከደመወዙ ቀድሞ ይሮጥ ስለ ነበር፥ ቀድሞ ገንዘብ ይወዱ የነበሩ ብዙ ገበሬዎች እህል ይሰጠን አሉ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለደባርቅና ለጃን አሞራ አንድ ዓይነት ፍርድ አለመስጠት ነው። ዳባትና ደባርቅ በዋናው መንገድ ላይ ስለ ሆኑ ነጋዴ ከጎንደርና ከሌላም ስፍራ እህል ይዞ ይመጣል፤ በእነርሱ ዘንድ ገንዘብ ይጠቅማል። በተራራው ጀርባ ባሉት በበየዳና በጃን አሞራ ቀበሌዎች ግን መንገዱ ገደል፥ ገበያውም ቀጭን ስለ ሆነ፥ ብዙ ገንዘብ በጥቂት እህል ላይ ቢፈስ የሚያድገው ዋጋው ብቻ ነው። በዚያ እህሉ ራሱ፥ ያውም ክረምት ገብቶ መንገዱ ሳይበላሽ አስቀድሞ መድረስ አለበት።

የ2015 ዓ.ም. መከራ

በቅርቡ የሆነው ነገር ደግሞ ለሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ በጭና ተክለ ሃይማኖት ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ የአካባቢው ገበሬ እህልና ከብትም ጠፋ። ሰዉ ከዚያ ጕዳት ገና ሳያገግም፥ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናሙ በጃን አሞራ፥ በበየዳና በጠለምት ቀረ፤ ቡቃያው በማሳ ላይ ደረቀ፤ ከብትም በሣርና በውሃ እጦት ሞተ። ብዙ ሰው ቤቱን ዘግቶ ወደ ደባርቅና ወደ ሌላም ስፍራ ተሰደደ።

በዚያው ጊዜ የርዳታው በር ተዘግቶ ነበረ። ለተቸገረ የተላከ እህል ከመንገድ እየወጣ ለሌላ ሲውል በመገኘቱ፥ የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በመጀመሪያ በትግራይ፥ ከዚያም በሰኔ መጀመሪያ 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሁሉ የሚሰጡትን የምግብ ርዳታ አቆሙ። ርዳታው እንደ ገና በአገሩ ሁሉ የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት ካለፉ በኋላ ነው። እንግዲህ የሰረቁት ሰዎች ጥቂቶች ሲሆኑ፥ የተዘጋው የሚሊዮኖች መሶብ ነው። አንድ ኩንታል እህል ያለ አግባብ የሚያወጣ ሰው የሚጐዳው ያን አንድ ኩንታል ይቀበል የነበረውን ቤት ብቻ አይደለም፤ መንግሥትም ለጋሹም ለተራበው ሁሉ ያላቸውን እምነት ይሰርቃል። በበየዳ ሸለቆ የሚኖር፥ ስለ ስርቆቱ ሰምቶ እንኳ የማያውቅ ገበሬ፥ ሌላው ለሠራው ዕዳውን ከፈለ።

በሬው ከተሸጠ በኋላ ስለሚሆነው

በሬ የመሸጥ ጕዳት ለዓይን ወዲያው ስለማይታይ በምሳሌ ሊገለጥ ይገባዋል። ሁለት በሬ ያለው ገበሬ መሬቱን ራሱ ያርሳል። አንድ በሬ ያለው ከጐረቤቱ ጋራ መቀናጆ ገብቶ በተራ ያርሳል። ምንም በሬ የሌለው ግን መሬቱን ለባለ በሬ የእኩል ይሰጣል። መሬቱ በደኅና ዓመት 10 ኩንታል የሚሰጥ ቢሆን፥ ያ ገበሬ የሚያገኘው 5 ኩንታል ነው። ቤተ ሰቡ በዓመት 8 ኩንታል የሚፈልግ ከሆነ፥ ዝናሙ በመልካም በዘነበበት፥ አገሩ ሁሉ በጠገበበት ዓመት እንኳ የ3 ኩንታል ጕድለት አለበት። ይህን ለመሙላት ይበደራል፤ ለብድሩ አራጣ ይከፍላል፤ ስለዚህ በሬ መግዣ አያጠራቅምም። እንግዲህ አንድ ክረምት የቀረ ዝናም ለብዙ ዓመት ድኻ አደረገው ማለት ነው።

በመከራው ዓመት ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ የበሬ ዋጋ ይወርዳል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚገዛ የእህል ዋጋ ይወጣል። በኋላ አዝመራው ሲመለስ ሁሉም በአንድ ጊዜ በሬ ይፈልጋልና የበሬ ዋጋ እንደ ገና ይወጣል። ገበሬው በርካሽ የሸጠውን በውድ ይገዛል፤ ወይም መግዛት አይችልም። ስለዚህ መንግሥት በጊዜው የሚሰጠው ጥቂት ገንዘብ፥ በኋላ ጊዜ ከሚሰጠው ብዙ ገንዘብ ይበልጣል። ዘግይቶ የመጣውን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሉታል።

ከሹማምንትና ከባለ ጸጎች የሚጠበቀው

አንደኛ፥ ምልክቱን ቀድሞ መናገር ነው። የወረዳው ሹም የሬሳ ቍጥር እስኪቀርብለት አይጠብቅ። የእህል ዋጋ ሲወጣ የከብት ዋጋ ቢወርድ፥ የእርሻ በሬ በእርሻ ወራት ገበያ ቢወጣ፥ ለዘር የተቀመጠው እህል ቢበላ፥ ጐልማሶች ያለ ወራታቸው ለቀን ሥራ ቢሰደዱ፥ እነዚህ ሁሉ የረኃብ መልእክተኞች ናቸው። በየገበያው ቀን ዋጋውን የሚጽፍ አንድ ታማኝ ጸሐፊ ማቆም ለወረዳው ትልቅ ወጪ አይደለም። ወሬውም በየቀበሌው ተለይቶ ይጻፍ።

ሁለተኛ፥ የሚረዱት ሰዎች ስም በእውነት ይመረጥ። የመንደሩ ሰው ማን ምን እንዳለው ያውቃል፤ ስለዚህ ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ይነበብ፤ በአደባባይም ይለጠፍ፤ «ተዘልያለሁ» ለሚል ሰው አቤቱታውን የሚሰማ፥ ዝርዝሩን ካዘጋጁት የተለየ ጉባኤ ይኑር። ወንድ የሌላት መበለትና ዘመድ የሌለው ሽማግሌ በጉባኤ ጮኸው መናገር ስለማይችሉ፥ ሹሙ ራሱ ይጠይቅላቸው። የሹሙ ዘመድ የሆነ ሰው ስሙ ከተጻፈ የተጻፈበት ምክንያት በግልጥ ይነገር።

ሦስተኛ፥ ክፍያው በቀኑና በሙሉው ይከፈል። አንድ ገበሬ ገንዘቡን ለመቀበል የአንድ ቀን ተኵል መንገድ ተጕዞ «ዛሬ አልመጣም፥ በሚመጣው ሳምንት ተመለስ» ቢባል፥ የጠፋበት የሥራ ቀንና የስንቁ ዋጋ ከርዳታው ላይ እንደ ተቈረጠ ይቈጠራል። በባንክና በስልክ የሚከፈልበት መንገድ ለከተማው ቅርብ ለሆነው ይመቻል፤ ስልክ በሌለበትና መረቡ በማይደርስበት ተራራ ግን ከፋዩ ወደ ሕዝቡ ይውጣ እንጂ ሕዝቡ ወደ ከፋዩ አይውረድ። ደግሞም ለርዳታ ከመጣው ገንዘብ ላይ የቈየ ዕዳ፥ ግብር ወይም መዋጮ መቍረጥ አይገባም። ይህ በቀኝ እጅ ሰጥቶ በግራ እጅ መውሰድ ነውና። ዕዳው ካለ አዝመራው ከገባ በኋላ ይጠየቅ።

አራተኛ፥ ሥራው የሚጠቅም ይሁን። የስሜን ግርጌ አፈር በየክረምቱ ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ ስለዚህ የሚሠራው እርከን፥ የሚተከለው ዛፍና የሚጠራው ምንጭ ለሚመጣው ድርቅ ጋሻ ነው። ነገር ግን ለቍጥር ብቻ ተብሎ ድንጋይ ተከምሮ በሚቀጥለው ጐርፍ የሚፈርስ ሥራ የተራበን ሰው ጕልበት መጨረስ ነው። ገበሬውም የራሱን መሬት በሚያርስበትና በሚዘራበት ሳምንት ለሥራው አይጠራ።

አምስተኛ፥ ከምግቡ ጋራ ዘሩና ከብቱ ይታሰብ። የበላው ገበሬ የሚዘራው ከሌለው መከራው ለሚመጣው ዓመት ተላለፈ እንጂ አልቀረም። የዘሩም ዓይነት ለስፍራው የሚስማማ ይሁን፤ ለደጋው የደጋ ገብስ፥ ለቈላው ፈጥኖ የሚደርስ ማሽላ ይሰጥ። ለከብቱ መኖና ክትባት ከተሰጠ በሬው በበረት ይቈያል።

ስድስተኛው ነገር እህልና መሬት በእጃቸው ላሉ ሰዎች ነው። በቀድሞው ዘመን ባለ ርስቱ በክፉ ቀን ጭሰኛውን የሚመግብበት ልማድ በአንዳንድ ስፍራ ነበረ፤ በሌላው ስፍራ ደግሞ ጐተራውን ዘግቶ ዋጋ እስኪወጣ የሚጠብቅ፥ በብድርም የድኻውን መሬት የሚይዝ ነበረ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ ታውጆ ባለ ርስትነትና ጭሰኝነት ቀርቷል። ነገር ግን ዛሬም ብዙ በሬና ብዙ እህል ያለው፥ የድኻውን መሬት የእኩል የሚያርስ ሰው በየቀበሌው አለ። ይህ ሰው በመከራው ዓመት ዘር በአራጣ ሳይሆን በልክ ቢያበድር፥ በሬውንም ለጐረቤቱ ለጥቂት ቀን ቢያውስ፥ በራሱ ላይ የሚደርስበት ጕዳት ጥቂት ነው፤ ጐረቤቱ ግን ገበሬ ሆኖ ይቀራል። ጐረቤቱ ሁሉ ድኻ የሆነበት ባለ ጸጋ ሠራተኛም ገዢም አያገኝም።

መደምደሚያ

የመንግሥት ርዳታ ለገበሬው የሚጣል ምጽዋት አይደለም። ዳባትና ደባርቅ፥ ጃን አሞራና በየዳ በደኅናው ዓመት ግብራቸውን ይከፍላሉ፤ በገብሳቸውና በባቄላቸው ከተማውን ይመግባሉ፤ ልጆቻቸውም አገር ይጠብቃሉ። ስለዚህ በክፉው ዓመት የሚሰጣቸው ገንዘብና እህል መንግሥት ለሕዝቡ ያለበት ግዴታ ነው። ግዴታ ከሆነ ደግሞ ቀን አለው፤ ልክ አለው፤ ተጠያቂም አለው።

የተራበው ገበሬ ስለ በጀትና ስለ መመሪያ አያውቅም፤ መንግሥትን የሚያውቀው በወረዳው ሹም ፊት ነው። ሹሙ ምልክቱን አይቶ በጊዜው ቢጽፍ፥ ስሙን በእውነት ቢመዘግብ፥ ገንዘቡን በቀኑ ቢከፍል፥ ገበሬው መንግሥት አለኝ ይላል። ሹሙ ቢዘገይ ወይም ቢያጐድል ግን በሬው ወደ ገበያ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ የሚጻፈው ደብዳቤ ሁሉ ገበያ የወረደውን በሬ ወደ ቀንበሩ አይመልሰውም።